መብራት የገደለው አልሞተም

በኦንላይን ጌም ታሪክ እንደ አንድ ንጉሥ ሞት ብዙ የተወራለት ሞት የለም። ጊዜው ነሐሴ 1997 ነው (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። «አልቲማ ኦንላይን» ገና በሙከራ ላይ ነበር። የጌሙ ፈጣሪ ሪቻርድ ጋሪዮት «ሎርድ ብሪቲሽ» የተባለውን ንጉሥ ሆኖ በተጫዋቾቹ ፊት ብቅ አለ። ንጉሡ እንዳይሞት ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሰይፍ አይቆርጠው፣ እሳት አይበላው። ከተሰበሰበው ሕዝብ መሀል አንድ ተጫዋች የእሳት አስማት ለቀቀበት። ንጉሡ ተዘረረ።

ነገሩ ሲጣራ ችግሩ ከእሳቱ በፊት የመጣ ሆኖ ተገኘ። ቀደም ብሎ ሰርቨሩ ወድቆ ነበር። ተመልሶ ሲነሣ ንጉሡን ከሞት የሚጠብቀው ቅንብር ሳይበራ ቀረ። ታዲያ ንጉሡን ማን ገደለው? እሳቱን የለቀቀው ልጅ? መከላከያውን ሳያበራ አደባባይ የወጣው ንጉሥ ራሱ? ወይስ የወደቀው ሰርቨር?

ሰዉ ይህን ታሪክ ለሳቅ ነው የሚያወራው። እኔ ግን ጥያቄውን ከልቤ ነው የምጠይቀው። ያደግኩት ቆላ ድባ ነው፤ ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ደምቢያ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ። እኛ ዘንድ መብራትና ኔትወርክ እንደ ዝናብ ናቸው፤ ሲመጡ ደስ ይለናል፣ ሲሄዱ የሚከሰስ ሰው የለም። እንዲህ ባለ ቦታ ሆኖ ኦንላይን ጌም የሚጫወት ሰው ብዙ ጊዜ ይሞታል፤ ግማሹን ጊዜ ደግሞ የሚሞተው ስክሪኑ ላይ ባለው ጠላት እጅ አይደለም። ለዚህ ነው የጌም ሞት ቅጣት እንዴት እንደተጀመረና ማን ላይ እንደሚያርፍ ማንበብ የጀመርኩት።

ሟች ይክፈል

ጌም ቤት የገባ ልጅ ሁሉ «ነፍስ» የሚለውን ቃል ያውቃል። «ስንት ነፍስ ቀረህ?» «አንድ።» ቃሉ እንዲህ ለጨዋታ የዋለው ያለ ምክንያት አይደለም። በድሮዎቹ የሳንቲም ማሽኖች ነፍስ የሚሸጥ ዕቃ ነበረች፤ ሦስቱ ሲያልቁ ሌላ ሳንቲም ትከታለህ። የሞት ቅጣት ማለት የኪስ ጉዳይ ነበር።

ኮምፒዩተር ላይ ነገሩ ተለወጠ። በ1980 ገደማ ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን የሠሩት «ሮግ» የሚባል ጌም ነበር። ስክሪኑ ላይ ሥዕል የለም፤ ሁሉም ነገር በፊደልና በምልክት ነው። ሕጉ ጨካኝ ነው። ጨዋታውን አስቀምጠህ መውጣት ትችላለህ፤ ስትመለስ ግን ያስቀመጥከው ፋይል ይሰረዛል። ስለዚህ ከሞትክ የምትመለስበት የለህም፤ ከሀ ትጀምራለህ። ዛሬም በ«ሮግ» ስም የሚጠራ አንድ ሙሉ የጌም ዘር አለ።

ግን «ሮግ»ን የሚጫወተው አንድ ሰው ብቻውን ነው። እሱ ሲሞት ዓለሙም አብሮት ይሞታል፤ ማንም አይጎዳም። ኦንላይን ሲሆን ግን ዓለሙ የብዙ ሰው ነው። እኔ ስለሞትኩ ሌላው የገነባው ቤት አይፈርስም፤ እኔ ወደ ትናንት ልመለስ ብል ሺህ ሰው ይዤ መመለስ አልችልም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ሟቹን እዚያው ዓለም ውስጥ የሚያስከፍሉበት ዋጋ መፈለግ ነበረባቸው።

የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከእንግሊዝ አገር ነው። በ1978 የኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ሮይ ትሩብሾና ሪቻርድ ባርትል ብዙ ሰው በጽሑፍ ብቻ የሚጫወተውን «መድ» ፈጠሩ። በዚያ ጌም በፍልሚያ የሞተ ገጸ ባሕርይ ጨርሶ ይጠፋል። ስሙም ነጥቡም የለም። ለወራት የደከምክበት ሰውዬ በአንድ ምሽት ጠብ እልም ይላል።

«አልቲማ ኦንላይን» በመስከረም 1997 በይፋ ሲከፈት ትንሽ አለዘበው፤ ዋጋውን ከነፍስ ወደ ዕቃ አዛወረው። የሞተ ሰው መንፈስ ሆኖ ይዞራል። ሊናገር ሲሞክር ሌላው የሚያነበው «ኡኡኡ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው። የሚያስነሣው እስኪያገኝ ሬሳው የወደቀበት ቦታ ከነሙሉ ንብረቱ ተጋድሟል፤ ያለፈ ያገደመው ይበረብረዋል።

በመጋቢት 1999 የወጣው «ኤቨርኩዌስት» ደግሞ ሁለቱንም ወሰደ። ስትሞት ያጠራቀምከው ኤክስፒ ይቀነሳል፤ ሌቨልህም ሊወርድ ይችላል። ዕቃህ ግን ሬሳህ ላይ ነው፤ ሬሳህ ደግሞ የገደለህ አውሬ አጠገብ። ያለ ጋሻ ያለ ጦር፣ ሌሊቱን ሁሉ ጓደኛ እየለመንክ ወደ ሬሳህ ትሮጣለህ። ካልደረስክበት ከቀናት በኋላ ይበሰብሳል፤ ዕቃውም አብሮ ይጠፋል።

ከዚያ በኅዳር 2004 «ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» መጣ። የሞተ ሰው መቃብር ስፍራ ላይ መንፈስ ሆኖ ይነሣል፣ ወደ ሬሳው ይሮጣል፣ ሕይወት ይዘራል፤ በቃ። ኤክስፒ አይቀነስም። የጦር ዕቃው ትንሽ ያረጃል፤ ለጥገና ወርቅ ይከፍላል። ሩጫው ከሰለቸው መቃብሩ ላይ ያለው መንፈስ እዚያው ያስነሣዋል፤ ያኔ ዕቃው ይበልጥ ያረጃል፣ ለጥቂት ደቂቃም ደካማ ሆኖ ይቆያል። ዋጋው ጊዜ ሆነ ማለት ነው። ሚሊዮኖች የገቡበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ከሥራ መልስ አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ሰው የሳምንት ድካሙን በአንድ ስህተት አያጣም።

ነፍስ፣ ዕቃ፣ ኤክስፒ፣ ጊዜ። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ ከጭካኔ ወደ ምሕረት እንደሚወርድ ደረጃ። ግን ሁሉም ደረጃ ላይ ከፋዩ አንድ ነው። ሟቹ።

ገዳይ ይክፈል

በአገራችን ደም ሲፈስ ሽማግሌ የሚቀመጠው የገዳዩን ወገን ካሣ አስከፍሎ ደም ለማድረቅ ነው እንጂ ሟቹን ለመቅጣት አይደለም። ጌሞቹም ይህን ለመማር ብዙ አልቆዩም።

«አልቲማ» እንደተከፈተ ዱሩ በነፍሰ ገዳይ ተሞላ። ጀማሪ ተጫዋች እንጨት ሊቆርጥ ከከተማ ሲወጣ ይገደልና ልብሱ ሳይቀር ይገፈፋል። ኩባንያው ለገዳዮች ሕግ አወጣ። ሰው የደጋገመ ገዳይ ስሙ ቀይ ይሆናል፤ ዘብ ወዳለበት ከተማ ድርሽ ማለት አይችልም። እሱ ራሱ ሲሞት ደግሞ ከችሎታው ይቀነስበታል። ይህም አልበቃ ሲል በ2000 ዓለሙን ለሁለት ከፈሉት፤ በአንደኛው ያለ ፈቃድህ ሌላ ተጫዋች ሊገድልህ አይችልም። ብዙው ሰው ዕቃውን ጠቅልሎ ወደዚያ ተሰደደ።

እኔ በስልኬ የምጫወተው «ሩንስኬፕ» ከዚህ የረቀቀ ሕግ አለው። ቀላል ጌም ነው፤ ደካማ ኔትወርክም ላይ ይንፏቀቃል፤ በ2018 የድሮው ቅጂ ስልክ ላይ ስለመጣ ኮምፒዩተር የሌለን ሰዎች ገባንበት። ሰው ከሰው በሚዋጋበት ምድረ በዳ ስትሞት ውድ የሆኑት ሦስት ዕቃዎችህ ይቀሩልሃል፤ ሌላው የገዳይህ ነው። ነገር ግን ጠቡን የጀመርከው አንተ ከሆንክ ራስህ ላይ የራስ ቅል ምልክት ይወጣብሃል። ቅል ያለበት ሰው ከሞተ ሦስቱም አይቀሩለትም። ሕጉ «ሞተ ወይ?» ብቻ አይልም፤ «ማን ጀመረው?» ብሎም ይጠይቃል።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የራሳችን የድሮ ጨዋታ ነው፤ ሰንጠረዥ። ዛሬ ቼዝ የምንለው ዓለም አቀፉ ጨዋታ ከመግባቱ በፊት የኢትዮጵያ መኳንንት የራሳቸው ሕግ ያለው ሰንጠረዥ ነበራቸው። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልትም የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ጨዋታውን እንደሚወዱ ጽፏል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ታሪኩና ስለ ሕጉ አንድ ጥናት አሳትመዋል።

ሁለት ነገሩ ይገርማል። አንደኛ፣ ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እኩል ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ፤ ይህ ምዕራፍ «ወረራ» ይባላል። ሁለተኛውና ለእኔ ዋናው የንጉሡ አገዳደል ነው። ዛሬ ቼዝ ላይ ንጉሡን በምንም ግደለው፣ አሸናፊ ነህ። በሰንጠረዥ ግን በግንብ ወይም በፈረስ የገደለ ሰው አሸነፈ እንጂ አልተከበረም። በአንድ ፊል ወይም በአንድ ፈርዝ ከሆነ ያስኬዳል። በሁለት ፊል ከሆነ ያስመሰግናል። ከሁሉ የሚጨበጨብለት ግን በእግረኛ የገደለ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ሠራዊቱ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይገደልም። ከእግረኛ ሌላ አንድ ጠጠር ብቻ የቀረው ከሆነም፣ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ሳይንቀሳቀስ መግደል አለብህ፤ ካለፈ አመለጠህ።

ልብ በሉ፤ እዚህ ሕግ ውስጥ ለተሸናፊው የተጻፈ ቅጣት የለም። መሸነፉ ይበቃዋል። ሸክሙ የተጫነው አሸናፊው ላይ ነው፤ እንዴት እንደገደልክ ትጠየቃለህ፣ ባዶ እጁን የቀረን ሰው እንዳትነካ ትከለከላለህ። የ«አልቲማ» ዱር ውስጥ ራቁቱን የቆመ ጀማሪ ያልነበረው ከለላ ይህ ነው።

ገመድ የነቀለ፣ መብራት የሄደበት

እስካሁን ያየነው ሟችና ገዳይ ያለበትን ሞት ነው። ሦስተኛ ዓይነት ሞት አለ። ገዳዩ በጌሙ ውስጥ የለም።

ቆላ ድባ በልጅነቴ የምናዘወትረው ጌም ቤት አራት ቴሌቪዥን ነበረው። ክፍያው በግጥሚያ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ይነሣል፤ ያሸነፈ ይቀመጣል። መብራት በግጥሚያ መሀል ሲሄድ ቤቱ በጩኸት ይሞላል። እየመራ የነበረው «አሸንፌያለሁ» ይላል፣ እየተመራ የነበረው «ገና ሰላሳ ደቂቃ ይቀራል» ይላል። ባለቤቱ ግን አንድ ሕግ ነበረው፤ «መብራት የገደለው አልሞተም»። ውጤቱንና ደቂቃውን ደብተር ላይ ይጽፋል፤ መብራት ሲመጣ ከዚያው እንድትቀጥሉ ያደርጋል። ጌሙ ራሱ ከዜሮ ነው የሚጀምረው፤ ሁለት ለዜሮ የነበረው ግን በደብተሩ ሁለት ለዜሮ ነው።

ተንኮል አልጠፋም። ሦስት ለባዶ እየተመራ በእግሩ ገመዱን የሚነቅል ልጅ ነበር። ባለቤቱ ለሱም መልስ ነበረው። አራቱም ቴሌቪዥን ከጠፋ መብራት ነው፤ አንዱ ብቻ ከጠፋ እግርህን አሳየኝ።

ይህ ተንኮል ትልልቆቹን ኩባንያዎችም ሲያስጨንቃቸው የኖረ ነው። ሊሞት ሲል ኔትወርኩን የሚያቋርጥ ተጫዋች ሞልቷል። መውጣት የሚያድን ከሆነ ማንም አይሞትም፣ ሞት ከሌለ ደግሞ መትረፍም ትርጉም የለውም። ስለዚህ ብዙ ጌሞች ላይ መስመርህ ሲቋረጥ ገጸ ባሕርይህ ወዲያው አይጠፋም፤ ለተወሰነ ጊዜ ባለበት ተገትሮ ይቆያል። አውሬው ይደበድበዋል። አንተ ጨለማ ውስጥ ስልክህን እያራገብክ ነው።

ሕጉ ለአጭበርባሪ የተሠራ ነው፤ በትሩ የሚያርፈው ግን በብዛት ደካማ መስመር ላይ ባለ ሰው ላይ ነው። ለአንድ የስቶክሆልም ልጅ የመስመር መቋረጥ በዓመት አንዴ የሚያጋጥም ነገር ይሆናል። ለኛ የማክሰኞ ጉዳይ ነው። በወረቀት ላይ ቅጣቱ እኩል ነው፤ በኑሮ ግን እኛ በየሞቱ ላይ ግብር እንጨምራለን።

ነሐሴ 2015 ዓ.ም.

በዚያ ወር ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። ነሐሴ 18 ቀን 2015 ዓ.ም. የ«ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ባለቤት ብሊዛርድ፣ ተጫዋቾች ራሳቸው የጀመሩትን ልማድ ተቀብሎ «ሃርድኮር» የተባሉ ሰርቨሮችን በይፋ ከፈተ። እዚያ አንዴ የሞተ ገጸ ባሕርይ አይነሣም። ከ2004 ጀምሮ የለዘበው ቅጣት ወደ «መድ» ዘመን ተመለሰ፤ ሰዉም ወደደው። ሞት ሲከብድ እያንዳንዱ እርምጃ ይከብዳል፤ ተራ የዋሻ አፍ ልብ ያስመታል። ይህን አልቃወምም፤ እኔም እወደዋለሁ። ኩባንያው ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ተናገረ፤ በመስመር መቋረጥም ሆነ በሰርቨር ችግር የሞተ አይመለስም፣ አቤቱታ አይታይም።

ያን ሰሞን በአማራ ክልል አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጧል። እኔ «ሃርድኮር» የሚባለውን ነገር የሰማሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የጌም ሞትን ከእውነተኛ ሞት ጋር ላወዳድር አይደለም። ያ ጊዜ በየቤቱ ያለፈውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጌም የመጨረሻው ጭንቀት ነበር። ግን ኔትወርኩ ሲመለስ አንድ ነገር ገባኝ። ኦንላይን ዓለም ሞትን ብቻ ሳይሆን መቅረትንም ይቀጣል። በ«አልቲማ» ባለቤቱ የማይጎበኘው ቤት ይፈርሳል። በ«ኤቨርኩዌስት» ያልተሰበሰበ ሬሳ ይበሰብሳል። እኔ በነበርኩበት የ«ሩንስኬፕ» ማኅበር ደግሞ ለረጅም ጊዜ ያልገባ ሰው ስሙ ይሰረዛል፤ የኔም ተሰርዟል። የማኅበሩ አለቃ ፊሊፒንስ የሚኖር ልጅ ነው፤ ፊቱን አይቼው አላውቅም። ስመለስ ያገኘሁት መልእክት ከወራት በፊት የተጻፈ ሲሆን ስለ ስረዛው አያወራም። «ዜና አየሁ፤ በሕይወት አለህ?» ነው የሚለው።

መለስኩለት። በዚያው ቀን ስሜን መለሰው፣ የነበረኝንም ማዕረግ ጭምር። ሕጉ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልተጻፈም። እሱ ግን ከዝርዝሩ የጠፋውን ሰው ማን እንዳጠፋው ያውቅ ነበር፤ ያ በቃው።

ማን ይነሣል?

መጋቢት 2025 ላይ የብሊዛርድ «አቤቱታ አይታይም» የሚለው ሕግ ተሰነጠቀ። ታዋቂ ስትሪመሮች ያሉበት አንድ ቡድን በ«ሃርድኮር» ሰርቨር ከባድ ዘመቻ ላይ ሳለ ሰርቨሩ ላይ ጥቃት ተከፈተ፤ በሐሰተኛ ትራፊክ አጥለቅልቆ የሚያንቅ ጥቃት። መስመሩ ተቋረጠ፣ ገጸ ባሕርያቱ ተገትረው ቀሩ፣ ሞቱ። ብዙ ሺህ ሰው በቀጥታ እያየ ነበር። ከቀናት በኋላ ኩባንያው በእንዲህ ያለ ጥቃት የሞቱትን እንደሚያስነሣ አስታወቀ። ምክንያቱም ይህ እንደ ሌላው ሞት አይደለም፣ ሆን ብሎ በክፋት የተደረገ ነው የሚል ነበር።

ውሳኔው ትክክል ነው። ሕጉ ለመጀመሪያ ጊዜ «ሞተ ወይ?» ከሚለው አልፎ «ማን ገደለው?» ብሎ ጠየቀ። የሚከነክነኝ፣ ጥያቄው የተጠየቀው ዝነኞች ከሞቱ በኋላ መሆኑ ነው። በመስመር መቋረጥ የሞቱ ስመ ጥር ያልሆኑ ሰዎች ከ2023 ጀምሮ ነበሩ። ለነሱ የተሰጠው መልስ «ሕጉን አውቀህ ነው የገባኸው» የሚል ነበር።

«ማጣራት አይቻልም» የሚለው ክርክር ደግሞ ግማሹ ብቻ ነው እውነት። የአንድ ሰው መስመር ብቻ ሲቋረጥ ገመድ ይንቀል፣ መብራት ይሂድበት መለየት ይከብዳል፤ እሺ። ግን የአንድ ከተማ ወይም የአንድ ክልል ተጫዋቾች በአንድ ደቂቃ ሲጠፉ ሰርቨሩ ያያል። አራቱም ቴሌቪዥን ጠፋ ማለት ነው። ከባድ ቅጣት ያለው ጌም የሚሠራ ሰው ይህን የምታይ አንዲት መስመር ኮድ ብትኖረው፣ የሞትን ክብደት ሳይቀንስ የመስመርን ሞት ሊለይ ይችላል። ለረጅም ጊዜ የቀረን ሰውም ቤቱን ከማፍረስ ይልቅ ቆልፎ ማቆየት ይቻላል።

አሁን ከጎንደርም ከባሕር ዳርም ጌም መሥራት የሚማሩ ልጆች እያየሁ ነው። አብዛኞቹ የሚጀምሩት የውጭውን ጌም በመቅዳት ነው፤ ምንም አይደለም፣ ሁሉም የሚጀምረው እንደዚያ ነው። የሞት ሕጉን ስትጽፉ ግን ከውጭው ብቻ አትቅዱ። ብቻውን የቀረን ንጉሥ መግደል የሚከለክል ጨዋታ አያቶቻችን ነበራቸው። ውጤት በደብተር የሚይዝ ጌም ቤትም በየሰፈራችሁ አይጠፋም፤ ሄዳችሁ ባለቤቱን መብራት ሲሄድ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁት።